ባለ 3 ዶላሩ ጨዋታ ገበያውን እንዴት ያዘው?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 30 ቀን 2023 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚ (ባፍታ) ለንደን ላይ የቪዲዮ ጨዋታዎች ሽልማት ሰጥቶ ነበር። "ምርጥ ጨዋታ" ለሚለው ዋና ሽልማት ከታጩት ስድስት ሥራዎች መካከል የጃፓኑ "ኤልደን ሪንግ" እና የሶኒ ኩባንያ "ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ" ይገኙበታል። ሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙባቸው ሲሆኑ አንዱ በ60፣ ሌላው በ70 ዶላር ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ሽልማቱን ይዞ የወጣው ግን "ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" የተባለ፣ ገበያ ላይ ሲውል በ2 ዶላር ከ99 ሳንቲም የተሸጠ፣ አንድ ሰው ለብቻው የጀመረው ጨዋታ ነበር።

ጉዳዩ የሽልማት ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበያ ገጽ አንባቢን ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃቸው ጥያቄዎች በሙሉ ተሰልፈው ይገኛሉ። ዋጋ እንዴት ይተመናል? ደላላው ምን ያህል ይወስዳል? አስመሳይ ዕቃ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛን የሚያጣብቅ ጥበብ በእጁ ያለ ሻጭ ጥበቡን እስከምን ድረስ ሊጠቀምበት ይገባዋል?

ዕቃው ምንድን ነው?

ጨዋታውን ላላየ ሰው መግለጹ ቀላል ነው። ሜዳው ከላይ ወደ ታች፣ ከሰገነት ላይ ቆሞ ግቢ እንደሚታይ ሆኖ ይታያል። መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ምስል አለች። ከአራቱም ማዕዘን የሌሊት ወፎች፣ አጽሞችና በድኖች ይመጣሉ። መጀመሪያ በጣት ይቆጠራሉ፤ ኋላ ላይ በመቶዎች ይሆናሉ። ሥዕሉ ከ30 ዓመት በፊት የነበሩትን ጨዋታዎች የሚመስል፣ ነጠብጣቡ የሚቆጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ይህ የተኩስ ጨዋታ ቢሆንም ተጫዋቹ አይተኩስም። ጅራፉ ራሱ ይገርፋል፣ ቢላዋው ራሱ ይወረወራል፣ ነጭ ሽንኩርቱም (አዎን፣ ነጭ ሽንኩርት መሣሪያ ነው) በዙሪያው ያለውን ሁሉ ራሱ ያቃጥላል። የተጫዋቹ ሥራ መንቀሳቀስ ብቻ ነው። አንድ እጅ ይበቃዋል። በሌላው እጁ ቡናውን ሊጠጣ ይችላል።

የሞተ ጠላት ትንሽ እንቁ ጥሎ ይሄዳል። እንቁው ሲሰበሰብ ደረጃ ይጨምራል። ደረጃ በጨመረ ቁጥር ጨዋታው ቆሞ ሦስት ወይም አራት ምርጫዎች ይቀርባሉ። አዲስ መሣሪያ ይወሰድ ወይስ ያለው ይጠናከር? የሚያዘው መሣሪያ ከስድስት፣ ረዳት ዕቃውም ከስድስት አይበልጥም። ስለዚህ ምርጫው ዋጋ አለው፤ አንዱን መውሰድ ሌላውን መተው ነው። ጅራፉ ስምንተኛ ደረጃ ደርሶ ትክክለኛው ረዳት ዕቃ አብሮ ከተያዘ ወደ ላቀ መሣሪያ ይለወጣል። ያንን ያላወቀ ተጫዋች በአሥረኛው ደቂቃ ይሞታል። ያወቀ ግን እስከ ሠላሳኛው ይዘልቃል።

በሠላሳኛው ደቂቃ ሞት ራሱ ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ጨዋታውም ያበቃል። የተሰበሰበው የወርቅ ሳንቲም ግን አይጠፋም። ቋሚ ጥንካሬ ይገዛበታል፤ ገዢው ከተጸጸተም ሙሉ ወርቁን ተመላሽ ወስዶ በሌላ ነገር ላይ ሊያውለው ይችላል።

የሻጩ ማንነት

የጨዋታው ባለቤት ሉካ ጋላንቴ ይባላል። ኢጣሊያዊ ሲሆን ኑሮው እንግሊዝ አገር ነው። ከዚህ በፊት ይሠራ የነበረው በቁማር ኢንዱስትሪ ውስጥ የሶፍትዌር ባለሙያ ሆኖ ነው። ይህ ነገር በየጋዜጣው እንደ ቀልድ ቢነገርም የጨዋታውን መስህብ ለመረዳት ግን ዋናው ቁልፍ ነው።

የቁማር ማሽን ሠሪዎች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያጠኑት አንድ ነገር አለ። ሰውን ከወንበሩ የሚያስቀረው የሽልማቱ መጠን ብቻ አይደለም። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ፣ ሲመጣም የሚያሰማው ድምፅና የሚያሳየው ብርሃን የበለጠ ይይዘዋል። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መጻሕፍት ይህን ተለዋዋጭ ሽልማት ይሉታል። ውጤቱን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ የተሰበሰቡትን ወጣቶች ፊት ማየት ይበቃል።

በ"ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" ውስጥ ብርቱ ጠላት ሲሞት ሣጥን ጥሎ ይሄዳል። ሣጥኑ ሲከፈት ጨዋታው ይቆማል፣ ሙዚቃ ይፈነዳል፣ ብርሃን ወደ ላይ ይወጣል፣ ዕቃዎች እንደ ቁማር ማሽን መዘውር ይሽከረከራሉ። ከውስጡ አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት ዕቃ ይወጣል። አምስቱ የሚወጡት አልፎ አልፎ ነው። በወጡ ጊዜ ግን የሚሰማው ደስታ ሎተሪ ከወጣለት ሰው ደስታ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ በዚያ ቅጽበት ምንም ገንዘብ አያወጣም። ከፈለገም የሚከፍልበት ቀዳዳ የለም። ሦስት ዶላሩን መግቢያው ላይ ከፍሎ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብልጭታ ሁሉ በዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው። የቁማርን ጥበብ ተቀብሎ የቁማርን ሣንዱቅ አለመቀበል ለነጋዴ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ወደ መጨረሻው እንደሚታየው ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል።

ወጪና ገቢ

ጨዋታው በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት በኮምፒዩተር መቃኛ ላይ በነፃ ቀረበ። ዲሴምበር 17 ቀን 2021 "ስቲም" በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ገበያ ላይ፣ ሥራው ገና ሳያልቅ በ2 ዶላር ከ99 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ጋላንቴ ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለተዘጋጁ ምስሎች ያወጣው ወጪ 1,100 ፓውንድ ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። አብዛኛውን ሥዕል አላሣለም፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የምስል ጥቅል ገዝቶ ተጠቀመ። ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ላይ የወጡ የሶኒ ሰነዶች "ዘ ላስት ኦፍ አስ" የተባለው ጨዋታ ሁለተኛው ክፍል 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ አሳይተዋል።

እስኪ ሒሳቡን እንያዘው። ስቲም እንደ ደላላ ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። ከአንድ ቅጂ ለሻጩ የሚደርሰው ከታክስ በፊት 2 ዶላር ከ9 ሳንቲም ነው። በወቅቱ ምንዛሪ 1,100 ፓውንድ ወደ 1,460 ዶላር ይጠጋል። ጨዋታ ለማስመዝገብ ስቲም የሚጠይቀውን 100 ዶላር ስንጨምርበት፣ የራሱን ጉልበት ሳይቆጥር ወጪውን ለመመለስ 750 ያህል ቅጂ መሸጥ በቂው ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማምረት የሚያስፈልገው ወጪ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። መጋዘን የለም፣ ኮንቴይነር የለም፣ ጉምሩክ የለም።

የድለላው ሥርዓት ግን በርካሽ ለሚሸጥ ሰው አይመችም። ስቲም ከ2018 ጀምሮ ብዙ ለሸጠ የኮሚሽን ቅናሽ ያደርጋል። የአንድ ጨዋታ ገቢ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ኮሚሽኑ ወደ 25 በመቶ፣ ከ50 ሚሊዮን ሲያልፍ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። በ60 ዶላር የሚሸጠው ኩባንያ 167 ሺህ ያህል ደንበኛ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ቅናሽ ይደርስበታል። በ3 ዶላር የሚሸጠው ሰው ግን ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ቅጂ መሸጥ አለበት። ትንሹ ሻጭ ሃያ እጥፍ ደንበኛ ካላመጣ በስተቀር ለደላላው የሚከፍለው ከትልቁ ሻጭ ይበልጣል ማለት ነው። በችርቻሮና በጅምላ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ለምን 3 ዶላር?

የዋጋው ጉዳይ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ስቲም ላይ ከ10 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ቀርበዋል። በዚያ ጎርፍ ውስጥ ስም የሌለው ሻጭ ዕቃ እንዲታይ ማድረግ ከመሥራቱ ይከብዳል። ሥዕሉን ያየ ገዢ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ያልፋል። በ15 ዶላር ቢቀርብ ኖሮ የሚያልፈው በእርግጠኝነት ነበር።

በ3 ዶላር ግን ገዢው ማመዛዘኑን ይተዋል። ይህ ዋጋ ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ሰው ከአንድ ስኒ ካፑቺኖ አይበልጥም። ኢኮኖሚስቶች የፍላጎት የዋጋ ስሜታዊነት የሚሉት ነገር አለ፤ ዋጋ በትንሹ ሲለወጥ የገዢው ቁጥር ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካበት ነው። የጨዋታ ገበያ ላይ ይህ መለኪያ ከአንድ ዋጋ በታች ባሕርይውን ይቀይራል። ሰው ለመግዛት መወሰኑን ትቶ ለመሞከር ይወስናል። የስቲም ደንብም ያግዘዋል፤ ዕቃው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወተ ገዢው ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ይችላል። አንድ ዙር ቢበዛ 30 ደቂቃ ስለሆነ ገዢው ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ተጫውቶ መመለስ ይችል ነበር። ብዙዎቹ ሰዓቱን ሲያዩ ሁለቱ ሰዓት አልፏል።

ለማስታወቂያ የተከፈለ ገንዘብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራውን የሠሩት በዩቲዩብና በቀጥታ ሥርጭት ጨዋታ እየተጫወቱ የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ 2022 አንዱ አይቶ አሳየ፤ ያየው ገዛ፤ የገዛው ለጓደኛው ነገረ። ርካሽ ዕቃ ለወሬ ይመቻል። ሰው ለጓደኛው የ70 ዶላር ዕቃ "ግዛ" ብሎ ለመምከር ያመነታል፤ ባይወደው ይወቀሳልና። በ3 ዶላር ማንም አይወቀስም። በፌብሩዋሪ ወር በአንድ ቅጽበት ጨዋታውን ከፍተው የሚጫወቱ ሰዎች ቁጥር ስቲም ላይ ብቻ ከ70 ሺህ አለፈ። ጋላንቴ መደበኛ ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለጨዋታው ሰጠ፤ ሌሎች ባለሙያዎችንም ቀጠረ።

አንድ ገዢ 20 ሰዓት ተጫወተ ብንል የሰዓቱ ሒሳብ 15 ሳንቲም ነው። በ60 ዶላር የተገዛ ጨዋታ 60 ሰዓት ቢያጫውት ሰዓቱ አንድ ዶላር ይመጣል። ይህ ስሌት ፍጹም አይደለም፤ የ"ኤልደን ሪንግ" አንድ ሰዓት ከ"ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" አንድ ሰዓት ጋር እኩል ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ሰፈር ውስጥ ጆተኒ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ የሚያጫውት ሰው ግን ይህን ስሌት ከማንም ኢኮኖሚስት በተሻለ ያውቀዋል። ደንበኛው የሚከፍለው ለአንድ ዙር ነው፤ ዙሩ አጭር ከሆነ ደግሞ ሌላ ዙር ይጠይቃል።

ሠላሳ ደቂቃው

መስህቡን በዋጋ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በ3 ዶላር የሚሸጡ፣ ማንም የማያስታውሳቸው ጨዋታዎች በሺህ ይቆጠራሉ።

ከላይ ወደ ታች የሚታይ የተኩስ ጨዋታ አዲስ ፈጠራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዴማር ለዊሊያምስ ኩባንያ የሠሩት "ሮቦትሮን 2084" በሁለት ዱላ፣ በአንዱ እየሮጡ በሌላው እየተኮሱ የሚጫወቱት ነበር። በ2003 "ክሪምሰንላንድ" ተከተለ፤ በ2005 ደግሞ "ጂኦሜትሪ ዋርስ" በኤክስቦክስ 360 ላይ በ5 ዶላር ተሸጦ ትንንሽ ጨዋታዎችም ገበያ እንዳላቸው አሳየ። የሁሉም ጣዕም አንድ ነው፤ መሀል ቆሞ መከበብ። ነገር ግን ሁሉም ፈጣን እጅ ይጠይቃሉ። ዕድሜው ከ35 ያለፈ ሰው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይሸነፋል።

ጋላንቴ ያደረገው ከዚህ ውስጥ ችሎታ የሚጠይቀውን ክፍል ማውጣት ነው። መተኮሱን ወሰደው። የቀረው መሸሽና መምረጥ ነው። ይህ ደግሞ የጨዋታውን ገዢ ማን እንደሆነ ለወጠው። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው፣ ሕፃን ታቅፎ የተቀመጠ አባት፣ ጨዋታ ከተጫወተ አሥር ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ሊጫወተው ቻለ።

ሁለተኛው ነገር የኃይል ሚዛኑ መገልበጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተጫዋቹ ምስኪን ነው፤ አንድ ጅራፍ ይዞ ከሌሊት ወፍ ይሸሻል። በሃያኛው ደቂቃ ስክሪኑ በጠላት ተሞልቶ መሬቱ ባይታይም ተጫዋቹ ቆሞ ያያቸዋል፤ ሳይደርሱበት ይረግፋሉ። ያ ኃይል ደግሞ በስጦታ የመጣ አይደለም። እንቁ በእንቁ፣ ምርጫ በምርጫ የተጠራቀመ ነው። በትንሽ ካፒታል ጀምሮ ትርፉን መልሶ ሥራው ውስጥ እያስገባ ያደገ ነጋዴ የሚያውቀው ስሜት ነው። በእውነተኛው ገበያ ያ ስሜት እንዲመጣ ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ ያውም ከመጣ። እዚህ ግን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ተቺዎች ጨዋታውን "ጊዜ ገዳይ" ሲሉት ይህን የዘነጉት ይመስላል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ማለቁ ነው። ሞት በሠላሳኛው ደቂቃ ይመጣል። የሰዓት ቆጣሪው ከላይ በግልጽ ይታያል። ተጫዋቹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያውቃል። በነፃ የሚወርዱ የስልክ ጨዋታዎች ባሕርይ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማለቂያ የላቸውም፣ ምክንያቱም ማለቅ ለሻጩ ኪሳራ ነው።

አስመሳዮቹ

የገበያው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጨዋታው ስም ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ በርካታ ተመሳሳይ ሥራዎች ብቅ አሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሐሳብ ጨምረው መጡ። "20 ሚኒትስ ቲል ዶውን" ተኩሱን ለተጫዋቹ መለሰለት፤ ሰዓቱንም ወደ ሃያ ደቂቃ አሳጠረው። "ብሮታቶ" መሣሪያ የታጠቀ ድንች ይዞ መጣ፤ ሁለቱም በርካሽ ዋጋ ተሸጠው ደንበኛ አግኝተዋል። በእነዚህ ላይ የሚነሳ ቅሬታ አይኖርም። የጨዋታ ሐሳብ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። ጋላንቴ ራሱ "ማጂክ ሰርቫይቫል" ከተባለ የደቡብ ኮሪያ የስልክ ጨዋታ ሐሳብ መውሰዱን አልደበቀም። ያ ጨዋታ እስከዛሬም ድረስ የሚገባውን ያህል ስም አላገኘም ብሎ መናገር ይቻላል።

ችግሩ የስልኩ ገበያ ላይ ነበር። "ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" በ2022 አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ላይ አልነበረም። ገበያ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። በዚያው ዓመት ሐቢ የተባለ ኩባንያ "ሰርቫይቨር ዶት አይ ኦ" የተባለውን ጨዋታ በስልክ አወጣ። አጨዋወቱ ያው ነው፤ በአንድ ጣት መሸሽ፣ ራሱ የሚተኩስ መሣሪያ፣ ደረጃ፣ ምርጫ። መግቢያው ነፃ ነው። ውስጥ ግን የሚገዙ ሣጥኖች፣ የሚሞላ "ጉልበት"፣ የሚታዩ ማስታወቂያዎች አሉ። ጋላንቴ ከቁማር ቤት ያወጣውን ብልጭታ እነዚህ መልሰው ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያነት ቀየሩት። ከዚህ ባሰ ደግሞ ስሙንና ሥዕሉን ሳይቀር እየወሰዱ በስልክ ገበያዎች ላይ የለጠፉ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሻጩ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በስልክ ሥራ ልምድ ካለው ኩባንያ ጋር መሻረክ ነው። ይህ ተሞክሯል። ጋላንቴ በ2022 መጨረሻ ለተጫዋቾቹ እንዳስረዳው፣ ተጫዋቹን በማይበዘብዝ አከፋፈል አብሮት ለመሥራት የሚስማማ ሸሪክ ሊያገኝ አልቻለም። የስልኩ ነጋዴዎች አመለካከት ከንግድ አንጻር ሲታይ እብደት አልነበረም። በስልክ ገበያ ላይ አብዛኛው ተጫዋች ምንም አይከፍልም፤ ገቢው የሚመጣው ከጥቂት ብዙ ከፋዮች ነው። ሁሉም እኩል ሦስት ዶላር ይክፈል የሚል ሐሳብ ለእነርሱ ትርፍን መንገድ ላይ መድፋት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ራስን ችሎ መግባት ነበር። ዲሴምበር 2022 ላይ "ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" በስልክ ወጣ፤ ያውም በነፃ። የሚሸጥ ሣጥን የለውም። ማስታወቂያ አለ፤ ነገር ግን ሳይፈልገው የሚያይ የለም። ተጫዋቹ ሲሞት አንድ ጊዜ መነሳት ወይም በመጨረሻ ወርቁን ማብዛት ከፈለገ ብቻ ፈቅዶ ያያል። ካልፈለገ አያይም። ኋላ ላይ ተጨማሪ ክፍሎች በአነስተኛ ዋጋ እዚያው እንዲሸጡ ተደረገ።

ይህ እርምጃ ትርፍ አላስቀረም ማለት አይቻልም። ያንኑ ጨዋታ በስልክ በሣጥን ቢሸጠው ኖሮ ከአስመሳዮቹ የበለጠ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ስሙ የእሱ ነው፣ ጥበቡንም ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በነፃ መልቀቁ የሚገመተውን ያህል የዋህነት አልነበረም። አስመሳይ የሚኖረው ዋናው በሌለበት ነው። ዋናው ዕቃ በነፃ መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ የውሸቱን የሚፈልገው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ስልክ ላይ ሞክሮ የወደደው ሰው በኮምፒዩተር ወይም በኤክስቦክስ ላይ ገዢ ሊሆን ይችላል። የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ለደንበኛው ሻይ ሲጋብዝ የሻዩን ዋጋ እንደማይረሳው ሁሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ኦክቶበር 20 ቀን 2022 ጨዋታው ተጠናቅቆ ሲወጣ ዋጋው ወደ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍ ብሏል። በመቶኛ ሲሰላ ጭማሪው 67 ነው። ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ገዢው ጮኾ ነበር። እዚህ ግን ቀድሞ የገዛው ምንም አልጨመረም፤ አዲሱ ገዢም 5 ዶላርን እንደ ብዙ አልቆጠረውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በኤክስቦክስ፣ በ2023 በኒንቴንዶ ስዊች፣ በ2024 በፕሌይስቴሽን ቀረበ። በየጊዜው የሚወጡት ተጨማሪ ክፍሎች የመጀመሪያው፣ በዲሴምበር 2022 የወጣው፣ 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር።

እግረ መንገድ ሊነሳ የሚገባው ነገር፣ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ለኢትዮጵያ ገዢ እስካሁን ሩቅ መሆኑ ነው። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ስቲም ላይ ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ሦስት ዶላር ያለው ሰው ሞልቷል፤ ሦስት ዶላሩን ወደዚያ የሚያሻግር መንገድ ያለው ግን ጥቂት ነው። በነፃ የተለቀቀው የስልኩ ጨዋታ ይህን ግንብ ስለሚያልፍ የአዲስ አበባ ወጣት "ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ"ን ያወቀው በዚያ በኩል ቢሆን አይገርምም።

የጨዋታውን ስም በተመለከተ ተጫዋቾች ሲቀልዱ የቆዩበት አንድ ነገር ነበር። ስሙ "ቫምፓየር" ቢልም ውስጡ ቫምፓየር አልነበረበትም። ሥዕሉና ጅራፉ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ የወጣውን የኮናሚን "ካስልቫኒያ" የተባለ የጃፓን ጨዋታ በጣም ያስታውሱ ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብለው የጠበቁም አልጠፉም። የሆነው ሌላ ነው። ኮናሚ ስምምነት ገብቶ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2024 "ኦድ ቱ ካስልቫኒያ" የተባለ ተጨማሪ ክፍል በፈቃዱ ወጣ። ድራኩላም በመጨረሻ ጨዋታው ውስጥ ገባ። የዚህ ተጨማሪ ክፍል ዋጋ 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሆን፣ ዋናው ጨዋታ መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲውል ከተሸጠበት በአንድ ዶላር ይበልጣል።